ዓለም ካበቃ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጅማ ውስጥ የሚተኮስ ጥይት ይኖራል?

የአዌቱ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ታገሱኝ።

ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ እዚሁ ጅማ ነው የሚሆነው። መብራት የለም፣ ነዳጅ የለም፣ መንግሥት የለም፣ ከአዲስ አበባ መኪና መምጣት ካቆመ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ዓለም እንዴት እንዳበቃ አልተርክም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ሰው ምን ይበላል፣ በምን ይገበያያል፣ ልጁን በምን ይጠብቃል።

ምዕራፍ ሦስት ላይ ተይዣለሁ። ዋናው ገጸ ባሕሪ ጅሬን ላይ ካለ አሮጌ ቤት፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ላይ፣ አንድ ሣጥን የክላሽ ጥይት ያገኛል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ በሙሉ የሚሄደው በዚያ ሣጥን ነው። ለታናሽ እህቴ ሳነብላት አቋረጠችኝና "ሠላሳ ክረምት ኮርኒስ ላይ የተቀመጠ ጥይት ይተኮሳል እንዴ? እኛ ቤት አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ አንድ ክረምት አይወጣም፣ ሻጋታ ይውጠዋል" አለችኝ። ዝም አልኩ። ልክ ናት፣ ባለፈው ነሐሴ የአባቴን ቆዳ ቀበቶ ሳወጣ ነጭ ፀጉር አብቅሎ ነው ያገኘሁት።

እና የምታውቁ ንገሩኝ። ጥይት ስንት ዓመት ይቆያል? የሚያበላሸው ምንድን ነው? ካለቀስ ሰው በእጁ መሥራት ይችላል? መሣሪያ ይዤ አላውቅም፣ እንደማያውቅ ሰው አስረዱኝ።


ጡረተኛው አሥር አለቃ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02)

ልጄ፣ እህትህ ብልህ ናት። አመስግንልኝ።

እኔ በወጣትነቴ ግምጃ ቤት ነው የሠራሁት። ተኩሼ ካሳለፍኩት ጊዜ ይልቅ ጥይት ቆጥሬ ያሳለፍኩት ይበልጣል። የክላሽ ጥይት ከፋብሪካ ሲመጣ በእንጨት ሣጥን ነው። በሣጥኑ ውስጥ ዙሪያቸው የታሸጉ ሁለት ቆርቆሮዎች አሉ፣ አየር አያስገቡም። መክፈቻቸው አብሯቸው ይመጣል፤ ልክ እንደ ቲማቲም ቆርቆሮ ዙሪያውን እየቆረጥክ ትከፍታለህ። ከፍተህ ስታይ ጥይቱ ሃያ ሃያ እየሆነ በወረቀት ተጠቅልሎ ታገኘዋለህ። የዚያን ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቀለምና ብረት የተቀላቀለ ዓይነት ነው።

ያ ቆርቆሮ ካልተከፈተ፣ ካልተበሳና ካልዛገ ሠላሳ ዓመት ምንም ማለት አይደለም። አርባ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው ተከፍቶ ያለ ችግር ሲተኮስ አለ። ከተከፈተ በኋላ ግን ሌላ ሂሳብ ነው። እኛ ጋ አንድ ክረምት የግምጃ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰ። ያልተከፈቱትን ጠርገን ቀለም ቀብተን መለስናቸው። የተከፈተው አንድ ቆርቆሮ ግን፣ ከላይ ያለው ደህና ሆኖ ከታች ያለው ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ከርሟል። ብድግ ሳደርገው ወረቀቱ እንደ ረጠበ እንጀራ በእጄ ላይ ተበጣጠሰ። ቀለሃው ላይ ያለው አረንጓዴ ቀለም በተፋቀበት ሁሉ ዝገት ገብቶበታል። ያን ሁሉ ከመዝገብ ሰርዘን አስወገድነው።

ስለዚህ ሰውየህ የሚያገኘው ያልተከፈተ ቆርቆሮ ይሁን። ቦታውንም ቀይረው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሆንም። ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ሲግል ሲቀዘቅዝ ያልባል። ላቡ ነው የሚገድለው።


ላብራቶሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40)

ሰላም። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ እዚሁ ጅማ። ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፣ እኔ ምክንያቱን ልጨምርበት።

ጥይት አንድ ነገር አይደለም፣ አራት ነው። ቀለሃው አለ። ውስጡ ባሩዱ አለ። ጫፉ ላይ የሚወረወረው አረር አለ። ከኋላው ደግሞ መርፌው ሲመታት እሳት የምትሰጠው ትንሿ ካፕሱል አለች። አረሩ አይሞትም፣ ከልጅ ልጆቻችን በላይ ይኖራል። ሦስቱ ግን የየራሳቸው አሟሟት አላቸው።

ከባሩዱ ልጀምር። የዛሬ ባሩድ ከድሮው ጥቁር ባሩድ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። ዋናው ነገሩ ናይትሮሴሉሎስ ይባላል። ይህ ነገር ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ቀስ እያለ ራሱን ይበላል። ሲፈርስ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ተመልሶ መፍረሱን ያፋጥነዋል። ለዚህ ነው ፋብሪካው ማረጋጊያ የሚጨምርበት፤ ማረጋጊያው ጋዙን እየለቀመ ይይዛል። ማረጋጊያው እስካለ ባሩዱ ደህና ነው፣ ሲያልቅ ግን ቶሎ ይበላሻል። ፈረንሳዮች ጭስ አልባውን ባሩድ በ1884 እ.ኤ.አ. ሲያገኙ ይህ ጠባዩ በደንብ አልገባቸውም ነበር። ቱሎን ወደብ ላይ በ1907 "ኢዬና"፣ በ1911 ደግሞ "ሊበርቴ" የተባሉ የጦር መርከቦቻቸው ያረጀ ባሩድ ተቀጣጥሎባቸው ፈነዱ። ብዙ መቶ ሰው ሞተ። ከዚያ ነው ዓለም ስለ ማረጋጊያ በቁም ነገር ማሰብ የጀመረው።

ሙቀት ይህን ሁሉ ያፋጥነዋል። በግምት በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ኮርኒሱ በቀን 50 ዲግሪ ቢደርስና መሬት ላይ ያለው ክፍል 20 ቢሆን ልዩነቱ ስምንት እጥፍ ነው። በዚህ በኩል ጅማ ታድላለች። ከ1,700 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ለስላሳ ነው። የእኛ ጠላት ሙቀቱ ሳይሆን ውኃው ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንብብናል።

ካፕሱሏን ውኃም ዘይትም ይገድላታል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ጥይት እንዳይዝግ ብሎ ዘይት የሚቀባ ሰው በገዛ እጁ እያበላሸው ነው፤ ቀጭን ዘይት በስንጥቅ ሰርጎ ይገባል።


የቡና ቤተሰብ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15)

እኔ ስለ ጥይት ምንም አላውቅም፣ ግን እርጥበት ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም። ቤተሰባችን ጎማ ወረዳ ቡና ያከማቻል። ቡና ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ መጋዘን ከገባ ይሻግታል፣ ሽታው ይቀየራል፣ ዋጋው ይወድቃል። የደረቀው ቡና ራሱ ክረምት ላይ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ለዚህ ነው ጆንያ ሲሚንቶ ላይ የማናስቀምጠው። ከታች የእንጨት ርብራብ እናደርጋለን፣ ከግድግዳውም ክንድ ያህል እናርቀዋለን። ሲሚንቶ ውኃ ይጠጣል። ግድግዳም ይጠጣል። አያቴ ሁልጊዜ የምትለው "ከመሬት አንሺው፣ ከግድግዳ አርቂው፣ በፀሐይ ቀን ብቻ ክፈችው" ነው።

እና የአዌቱ ልጅ፣ ገጸ ባሕሪህ የጅማ ሰው ከሆነ እኮ ይህን ያውቃል። ቡና ያስቀመጠ ሰው ጥይትም ማስቀመጥ ይችላል።


ላብራቶሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡22)

እንዴት ያለ መልስ ነው! አያትሽ ጥይትም ቢሆን እንደዚያው ትላለች። በተለይ ሦስተኛው። በሐምሌ ቆርቆሮ ከፍተሽ ብትዘጊ የሐምሌን አየር አብረሽ ነው የምታሽጊው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ጥይቱ ላይ ይቀመጣል። በጥር እኩለ ቀን የተዘጋ ግን ደረቅ አየር ይዞ ይዘጋል። ልዩነቱ የዕድሜ ልክ ነው።


ዘመነ (ረቡዕ፣ ከጧቱ 1፡30)

አያቴ አርበኛ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ዝናራቸው ከሞቱ በኋላ እኛ ቤት ቀረ። የቆዳ ዝናር ነው፣ ጥይቱ እያንዳንዱ በየኪሱ ተሰክቶ። ልጅ ሆኜ አንዷን መዘዝ ሳደርጋት እጄ አረንጓዴ ሆነ። ናሱ ከቆዳው ጋር በተገናኘበት ቦታ ሁሉ እንደ ሰም ያለ አረንጓዴ ነገር ወጥቶበት ተጣብቋል። ቀና ያለው ጫፉና ቂጡ ብቻ ነበር። አባቴ ከእጄ ነጥቀው አንድም ቃል ሳይናገሩ ወስደው ለሚመለከተው አስረከቡ። ዝናሩን ብቻ መለሱት፣ አሁንም ግድግዳ ላይ አለ።

ቆዳው ነው ያበላሸው ወይስ ዕድሜው?


ላብራቶሪ (ረቡዕ፣ ከጧቱ 2፡05)

ቆዳው ነው ዘመነ። ቆዳ ሲለፋ የሚገባበት ነገር አሲድነት አለው፣ እርጥበትም ይይዛል። ናስ ላይ ለዓመታት ሲቀመጥ ያን አረንጓዴ ያወጣል። ዝናር ለጉዞ ነው እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። አባትህም ጥሩ አድርገዋል።

ከዚህ የባሰ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለልብ ወለዱ ይጠቅማል። እንግሊዞች ሕንድ አገር ሳሉ ክረምት በመጣ ቁጥር ጥይታቸው ይሰነጠቅ ነበር። ማንም ሳይነካው፣ እንደተቀመጠ። ምክንያቱ ግራ አጋባቸው። በኋላ በ1921 እ.ኤ.አ. ነው በትክክል የታወቀው። ጥይቱን ያስቀመጡት ፈረስ ጋጣ ውስጥ ነው። ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ከክረምቱ እርጥበት ጋር ሆኖ፣ ሲሠራ የተወጠረውን ናስ ይሰነጥቀዋል። አሁን የእኛን አገር አስቡት። በቅሎውና ላሙ የሚያድሩበት ጥግ አለ፣ ደረቅና ሞቅ ያለ ስለሆነ ሰው ዕቃውን እዚያ ይሸሽጋል። ለናስ ጥይት ከዚያ የከፋ ቦታ የለም።


የኮቺው (ረቡዕ፣ ከጧቱ 3፡00)

ስለ ቆጥስ? ገጠር ያለ ሰው ከምድጃ በላይ ቆጥ ላይ ነው ውድ ነገሩን የሚያስቀምጠው። ጭሱ ያደርቃል፣ ምስጥም አይደርስበትም። በቆሎው፣ ዘሩ፣ ሁሉም እዚያ ነው።


ጡረተኛው አሥር አለቃ (ረቡዕ፣ ከጧቱ 3፡25)

ለዘር ጥሩ ነው። ለጥይት ግን እሳት ከሥሩ እያለ? ልጄ፣ ቤት ሲቃጠል ጥይት ሲንጣጣ ሰምቼ አውቃለሁ። አያድርስ ነው። ከዚያ ሌላ ደግሞ መምህርቷ እንዳለችው ሙቀቱ ባሩዱን ያስረጀዋል። ደረቅና ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ ሁለቱም አንድ ላይ። ጅማ ላይ ቀዝቃዛው በነፃ ይገኛል። ድካም ያለው ማድረቁ ላይ ነው።


አወያይ (ረቡዕ፣ ከጧቱ 4፡10)

ጥሩ ውይይት ነው፣ ቀጥሉ። ሁለት ነገር ብቻ። ይህ ክር ስለ ልብ ወለድና ስለ ታሪክ ነው፤ ጥይት ልሽጥ ወይም የት ይገኛል የሚል ጽሑፍ ወዲያው ይወርዳል። ጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ነገር ነው። ባሩድም ሆነ ካፕሱል እንዴት እንደሚሠራ ዝርዝር አይጻፍ። ቤቱ ወይም እርሻው ላይ አሮጌ ጥይት ያገኘ ሰው ደግሞ አይነካካው፣ ልጆችን አርቆ ለፖሊስ ይንገር።


የኮቺው (ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡45)

ዝርዝሩን አልጠይቅም አወያይ፣ ግን ሐሳቡን ልከራከርበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ድሮ ባሩድ እኮ እዚሁ አገር ውስጥ ይቀመም ነበር። ድኙ ከአፋር በረሃ ይመጣል፣ ከሰል ሞልቷል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩ የለም እንዴ! ቀለሃውን ለቅሞ፣ እርሳስ አቅልጦ፣ መልሶ መሙላት ለምን አይቻልም?


ላብራቶሪ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20)

ጥያቄህ የልብ ወለዱ ልብ ነው፣ ስለዚህ በቁም ነገር ልመልስልህ።

ጥቁር ባሩድ እንደገና ይመጣል፣ በዚህ እስማማለሁ። አንድ ትልቅ ጥቅምም አለው፤ ደረቅ ሆኖ ከተቀመጠ ከመቶ ዓመት በኋላም ይቀጣጠላል፣ ራሱን አይበላም። ክላሽ ግን ለእሱ አልተሠራም። ጥቁር ባሩድ ጉልበቱ ያነሰ ነው፣ ጥላሸቱ ብዙ ነው። ክላሽ እያንዳንዱን ጥይት በራሱ የሚያጎርሰው በጋዝ ግፊት ነው። ጥቂት ተኩሰህ በጥላሸት ይታነቃል። በእጅ እያጎረስክ አንድ አንድ ትተኩሳለህ እንጂ ክላሽነቱ አለቀ።

ሁለተኛው ቀለሃው ነው። የክላሽ ጥይት ባብዛኛው የብረት ቀለሃ ነው ያለው። ናስ ተለጥጦ ይመለሳል፣ ደጋግመህ ትሞላዋለህ። ብረት ግን ይሰነጠቃል፣ ይዝጋል።

ሦስተኛዋ ካፕሱሏ ናት። ሁሉም የሚቆመው እዚያ ነው። ባሩድ በእጅ ይቀመማል፣ እርሳስ ይቀልጣል፣ ካፕሱል ግን ፋብሪካ ይፈልጋል። ውስጧ ያለው ነገር በጥቂት ግጭት የሚፈነዳ ነው፣ በቤት ውስጥ የሞከረ ሰው ጣቱን ወይም ዓይኑን ነው የሚከፍለው። አምቦ አካባቢ ሆሚቾ የሚባል የጥይት ፋብሪካ አለ ብትሉኝ እንኳ ፋብሪካው ያለ መብራት፣ ያለ ጥሬ ዕቃና ያለ ባለሙያ ባዶ አዳራሽ ነው።

ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው እጥረት የጥይት ሳይሆን የካፕሱል ነው።


ጡረተኛው አሥር አለቃ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00)

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ የልብ ወለድ ጸሐፊዎች ሁሉ የሚስቱት። ጥይት ሁሉ ጥይት አይደለም። የክላሽም የመትረየስም ጥይት 7.62 ይባላል። የክላሹ ግን ባለ 39 ነው፣ ቀለሃው 39 ሚሊ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው፣ እንደ ፒኬኤም ያለው መትረየስ ደግሞ ባለ 54። አይገጥምም። ሰውየህ አንድ ሣጥን ባለ 54 አግኝቶ እጁ ላይ ክላሽ ብቻ ካለው፣ ድንጋይ ነው ያገኘው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲመጣ የእኛ ሰዎች ችግር ይኸው ነበር። አንዱ ውጅግራ ይዟል፣ አንዱ ምንሽር፣ አንዱ ቤልጅግ፣ አንዱ ለበን። ጎን ለጎን ተኝተው እየተዋጉ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ሊያበድረው አይችልም።

ሂሳቡንም አስብ። የክላሽ ካዝና 30 ይይዛል። በአውቶማቲክ ከያዝከው በሦስት ሰከንድ ያልቃል። ሦስት ሰከንድ! ከዚያ በኋላ ያለችው ዓለም ላይ እንደዚያ የሚተኩስ ሰው የለም። ፊልም ላይ ብቻ ነው።


መምህር ዘ ጅማ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15)

ዘግይቼ ነው የገባሁት። ታሪክ አስተምራለሁ። አሥር አለቃ ውጅግራን ስላነሱ ከዚያ ልጀምር፣ የአዌቱ ልጅ የሚፈልገው ነገር ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ውጅግራ የሚለው ስም "ፉዚ ግራ" ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው የመጣው፣ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ፣ አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ የሚተኩስ። ፈረንሳዮች በ1886 ጭስ አልባውን ለበል፣ እኛ ለበን የምንለውን ሲይዙ ግራው ሁሉ ትርፍ ሆነባቸው። ያ ትርፍ በቀይ ባሕር በኩል ወደ እኛ ጎረፈ።

ከጠመንጃው ጋር የመጣው ጥይት ደግሞ ገንዘብ ሆነ። ይህ ተረት አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ጥይት ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ገበያ ላይ መገበያያ ነበር። ብሩ ትልቅ ነው፣ ለበርበሬና ለሽንኩርት አይመነዘርም። አሞሌ በዝናብ ይሟሟል፣ ይሰበራል። ጥይት ግን እኩል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ይቆጠራል፣ ሁሉም ይፈልገዋል።

አሁን ይህን ወደ ልብ ወለድህ አምጣው። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ሂርማታ ገበያ ላይ፣ ያ የጥንቱ የሐሙስ ገበያ ተመልሶ ቆሟል እንበል። አንድ ጥይት አንድ ቁና በቆሎ ይገዛል። ታዲያ ማን ይተኩሰዋል? መተኮስ በቆሎህን ወደ ሰማይ መወርወር ነው። የሚተኮሰው የሚመጣው ነገር ከዚያ ሁሉ በቆሎ በላይ ሲያስከፍል ብቻ ነው።


ዘመነ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40)

መምህር፣ ጥሩ ብለዋል። ግን ገንዘብ ከሆነ አንድ ጥያቄ አለኝ። የሞተ ጥይትና የሚሠራ ጥይት እንዴት ይለያል? ብርን ደንጊያ ላይ አንኳኩተህ ድምፁን ትሰማለህ። ጥይት ግን ካልተኮስከው አታውቀውም፣ ከተኮስከው ደግሞ የለም።


ጡረተኛው አሥር አለቃ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00)

በዓይን ብዙ ነገር ይታያል። ካፕሱሏ ዙሪያ አረንጓዴ ወይም ዝገት ካለ፣ አረሩ አንገቱ ላይ ከተነቃነቀ፣ ቀለሃው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለ፣ ያ ሄዷል። ላዩ ንጹሕ ሆኖ ውስጡ የሞተ ግን አለ፣ ልክ ብለሃል ዘመነ። እኛ ከአንድ ቆርቆሮ ጥቂት አውጥተን ተኩሰን ነበር የምንፈትነው፣ የቀረውን በዚያ እንፈርዳለን። ስለዚህ ገበያው ላይ ዋጋ ያለው ነጠላው ጥይት ብቻ አይመስለኝም፤ ከየትኛው ቆርቆሮ እንደወጣ የሚመሰክር ሰው ቃልም ነው።

ስትጽፍ ደግሞ ይህችን አትርሳ። ቃታ ተስቦ ጥይቱ ዝም ሲል ወዲያው አይከፈትም። ያረጀ ጥይት ዘግይቶ የሚነሳበት ጊዜ አለ። አፈሙዙን ወደ ባዶ ቦታ አድርገህ ሠላሳ ሰከንድ ትጠብቃለህ። ጓደኛዬ ሳይጠብቅ ከፍቶ ቀኝ ዓይኑን ያጣው እንዲህ ነው። እነዚያ ሠላሳ ሰከንዶች ጅብ ፊት ለፊትህ ቆሞ ሲሆን ምን ያህል እንደሚረዝሙ አንተው ጻፈው።


መምህር ዘ ጅማ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30)

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልውጣ። የጅማ መንግሥት በጥይት አይደለም የተጠበቀው። አገሩ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮለት ነበር፣ መግቢያው ላይ ኬላ ነበረ፣ ከኬላው ውጭ ሞጋ የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ነበረ። ጠላት ሞጋውን ሲያቋርጥ ከሩቅ ይታያል። ዳግማዊ አባ ጅፋርም በ1884 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለምኒልክ ለመገበር ተስማምተው አገራቸውን ሳይቃጠል አተረፉ፣ እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ ጅማ የራሷን አስተዳደር ይዛ ቆየች። ጥይት ባለቀባት ጅማ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው አካፋ ይመስለኛል።


የአዌቱ ልጅ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡50)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ምዕራፍ ሦስትን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት።

ሣጥኑን የሚያገኘው ሰው ዋና ገጸ ባሕሪ መሆኑ ቀረ። አሁን ዋናዋ ሴት ናት። የቡና ነጋዴ ልጅ ናት፣ የመንደሩን ጥይት የምትጠብቅ። ጠመንጃ የያዙት ወንዶች ሌሎች ናቸው፣ ቁልፉ ግን እሷ ጋ ነው። ቦይ የሚቆፈርበትንም ምዕራፍ ጨምሬያለሁ፣ መምህር። መግቢያውን ልለጥፍላችሁ፣ ስህተት ካለው ንገሩኝ።

"ቆርቆሮዎቹ አራት ነበሩ። ሦስቱ እንደታሸጉ ናቸው። አራተኛው ተከፍቷል፣ ክዳኑ በሰም ተለብጧል። ከመሬት በርብራብ ከፍ ብለው፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቀው ተቀምጠዋል። እናቷ ቡና የምታስቀምጥበት ክፍል ነበር። ዛሬም ግድግዳው ቡና ቡና ይላል።

በዓመት አንድ ቀን ነው የምትከፍተው። በጥር፣ ሰማዩ ጥርት ሲል። ሽማግሌዎቹ ደጅ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ልጆች ወደ ወንዙ ይላካሉ። ሰሙን በቢላ ጫፍ ታነሳዋለች፣ ወረቀቱን ትፈታለች፣ እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አውጥታ በደረቅ ጨርቅ ታብሳለች። ቂጡን ታያለች። አንገቱን በጣቷ ትነካለች። በግራ ያስቀመጠችው የሞተ ነው፣ በቀኝ ያለው በሕይወት ያለ። ማንም አይናገርም። ዘንድሮ በግራ ሰባት ሆነ። አምና ሦስት ነበር።

'ቆጠራው ስንት ነው?' አሉ አባ መጫ ከደጅ።

'መቶ ዐሥራ ሁለት።'

'ሰባቱስ?'

'ሰባቱን አፈር ይብላቸው አባቴ። ጣሪያውን እንይ። የሆነ ቦታ ውኃ እየገባ ነው።'"


የቡና ቤተሰብ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡05)

ዕንባዬ መጣ። ያቺ ሴትዮ አያቴ ናት።


ላብራቶሪ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡20)

በጣም ቆንጆ ነው። ሁለት እርማት አለኝ። በጥር ጧት ጤዛ አለ፣ ስለዚህ እኩለ ቀን አድርገው፣ ፀሐይዋ ግቢውን ካደረቀችው በኋላ። ሌላው፣ በባዶ ጣቷ አትንካው። የሰው ላብ ጨው አለው፣ በነካችበት ቦታ አሻራዋ ይዝጋል። ጨርቅ ይኑራት።


ጡረተኛው አሥር አለቃ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡45)

ሰባቱንም አፈር አታስበላቸው። የተቀበረ ጥይት ልጅ ይቆፍረዋል። መዝገብ ይኑራት፣ ቀኑንና ቁጥሩን ትጻፍ፣ የሞቱት ከነቁጥራቸው በሌላ ዕቃ ተለይተው ይቆለፉ። እኔ ስሠራ እንደዚያ ነበር። ቀጣዩን ምዕራፍ ስትጨርስ ለጥፈው፣ እጠብቃለሁ።


የአዌቱ ልጅ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡52)

እሺ ጋሼ። እኩለ ቀን፣ ጨርቅ፣ መዝገብ። አሁኑኑ አስተካክላለሁ።